አይጥ ያልበላው ጠርዝ

ናታንያ፣ መስከረም 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለአያ አለነ፣ ደባርቅ፤

አዲሱን ዓመት እርስዎም እትዬ ገበያነሽም በጤና እንደተቀበላችሁት ተስፋ አለኝ። እኛ ዘንድ አዲስ ዓመቱም፣ ጾሙም፣ የዳሱ በዓልም ተከታትለው መጥተው አለፉ። ድካሙ አለ እንጂ ሁላችንም ደኅና ነን። የአባቶቻችን አምላክ ቤታችሁን ይባርክ፣ ገብሳችሁን ከውርጭ ይጠብቅ።

ደብዳቤ የምጽፈው ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ባለፈው ስደውል እኔ ስለ እናቴ ዓይን ስነግርዎ እርስዎ ስለ በግ ዋጋ መለሱልኝ። ጆሮዎን አልወቅስም፤ ግን ይህ ጉዳይ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ነው።

ሰሜን ተራራን ለማየት የሚመጡ ባልና ሚስት አንድ ከረጢት ይዘውልዎት ይመጣሉ። አስጎብኚያቸው ያ እንግዳው የሚባለው የደባርቅ ልጅ ስለሆነ ሱቅዎ ድረስ ያደርሰዋል። ውስጡ ያለው እናቴ ወይዘሮ ታየች የሰፋችው ድሪቶ ነው። ድሪቶ ስል አይሳቁብኝ። እዚህ እስራኤል አገር ሰው ድሪቶ በእጁ ሰፍቶ ለልጅ ልጁ ያወርሳል፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለውም አለ። እናቴ ከአገር ቤት ለብሳው የመጣችውን ቀሚስ፣ የአባቴን የታገኘን ጋቢ፣ የእኔን የተማሪ ቤት ልብስ፣ የልጄን የኢንባልን የወታደር ሸሚዝ ሳይቀር እየቆራረጠች ስንት ዓመት ሰፋችው። የቀረው ጠርዙ ነው።

ጠርዙ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። ኢንባል ያምራል ብላ ሳህን ገልብጣ በጠመኔ እያዞረች ዙሪያውን በሙሉ ግማሽ ክብ፣ ግማሽ ክብ አድርጋ ቆርጣዋለች። እናቴ ደግሞ ዓይኗን ሞራ ጋርዷት መርፌው ጠርዙን እየሳተ ጣቷን ይወጋታል። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ቀጥ ካላደረጋችሁት አልነካውም አለችን። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ አለነ የካባ ጫፍ ሲያዞር የኖረ ሰው ነው፣ ይህ ምን ይሆንበታል፣ ለእሱ ስደጂው አለችኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። ሐኪሙ ሞራው ይገፈፍ ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷታል። እሷ የድሪቶው ጠርዝ ሳያልቅ ሐኪም ቤት አልገባም አለች። ‹‹ቢላዋው ቢስትና በዚያው ብጨልም፣ ያላለቀ ሥራ ትቼ ልጨልም? መጀመሪያ ጠርዙን በጣቴ ልዳብሰው›› ትላለች። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ስታ ወድቃ ክንዷ በልዟል። ሐኪሙ ሞራው በቆየ ቁጥር ይጠጥራል ብሎ አስጠንቅቆኛል። ፈርቻለሁ አያ አለነ። እባክዎ ቶሎ ይጨርሱልኝ፤ ለልፋትዎም የሚያስፈልግዎትን ይንገሩኝ።

አክባሪ እህትዎ
ባንቻየሁ ታገኘ


ደባርቅ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ለባንቻየሁ፤

እዚህ ተራራ ላይ የሚያየን ጌታ እዚያ ባሕሩ ዳርቻም ያያችኋልና እሱ አይለያችሁ። ለታየች ጉልበቷን ሳሚልኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች የአክስቴ ልጅ እያለች ስሟን ሳታነሳ ውላ አታውቅም ነበር። እኔ ከወገቤ፣ ከጉልበቴ፣ ከግራ ትከሻዬና ከገበያነሽ ምላስ በቀር ሁለመናዬ ደኅና ነው፤ ተመስገን።

ከረጢቱን እንግዳው በባጃጅ አድርሶልኛል። ገበያነሽ ፈታችው፣ አየችው፣ ዝም አለች። ገበያነሽ ዝም ስትል እፈራለሁ። ኋላ፣ እስራኤል አገር ብርድ ልብስ ጠፋ ወይ አለችኝ። ኧረ ሳይቸግራቸው ነው ብላት ጭራሽ ባሰባት። ምን ታድርግ፣ በእኛ አገር ድሪቶ ያለው ሰው ይደብቀዋል እንጂ ግድግዳ ላይ አይሰቅለውም። ለስማችሁ አስባ፣ ጎረቤት እንዳያየው ብላ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ስለ ጠርዙ አትስጊ። ክብ የሚያስቸግረው ለማያውቀው ነው። ያላወቀ ሰው መጠምዘዣውን፣ ጠርዙን የሚሸፍነውን ቀጭን ጨርቅ፣ በክሩ አቅጣጫ ይቆርጥና ክቡ ላይ ሲደርስ ይኮማተርበታል። እኔ በሰያፍ ነው የምቆርጠው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል፤ ዙር ሲሉት ይዞራል። ሁለቱ ክቦች የሚገናኙባት ጎድጓዳ ላይ ደግሞ በመቀስ ጫፍ ነካ ማድረግ ያሻል፣ አለዚያ ጨርቁ ታፍኖ ይሸበሸባል። አባቴ ሲያስተምረኝ፣ ክብን አትጎትተው፣ አባብለው ይለኝ ነበር። ስንቱን ካባ እንዲህ አባብዬ ለካህናት አልብሻለሁ።

ለኅዳር ጽዮን የሚደርስ ካባና ድባብ ተቀብዬ ዳባት ልሄድ ነው፤ እዚያው ተቀምጬ እሰፋለሁ። እንደተመለስሁ የእናንተን እጀምራለሁ።

የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቅርብ ማያ መነጽር። ሁለት ቢሆን ይሻላል፣ አንዱ ላይ ገበያነሽ መቀመጧ አይቀርም። ደግሞ እጅ የማይልጥ መቀስ። ደግሞ ለጉልበት የሚቀባ ነገር አለ ይላል እንግዳው። ካላስቸገረሽ ለገበያነሽም የክረምት ካልሲ፣ እንዳታኮርፍ።

ወንድምሽ አለነ


ናታንያ፣ ኅዳር 7 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአያ አለነ፤

ሰንበት ሳይገባ ልጨርስ ብዬ እየተጣደፍኩ ነው፤ ሰላምታዬ ቢያጥር ፍቅሬ አላጠረም። ሰንበት ለእርስዎም ዕረፍት ታምጣልዎ።

አንድ ነገር ብቻ ያሉትን አራቱንም ነገር ልኬያለሁ። መነጽሩ ሁለት ነው። መቀሱ ጥሩ ነው ተብያለሁ፤ ስለታም ስለሆነ ይጠንቀቁ።

እናቴ በየማለዳው፣ አለነ የት ደረሰ ትለኛለች። የመጀመሪያው ቀጠሮ አለፈ። ዓይኗ እየባሰበት ነው። ትናንት በር ላይ የሰቀልኩትን ካፖርቴን እንግዳ መስሏት ሰላም አለችው፤ አልመልስ ሲላት ተቀየመችው፣ እስከ ማታ ስታማው ዋለች። ኢንባል ሳቀች። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ክብ ክቡን አደራ።

ባንቻየሁ


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተወደደችው፣ ለተከበረችው፣ ለትዕግሥተኛዋ እህቴ ለባንቻየሁ፤

ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ አምላክ አንቺንም በትዕግሥት ያቁምሽ። ለታየች፣ ለኢንባል፣ ለጎረቤቶቻችሁም ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ጎረቤት መልካም ነገር ነው፤ አንዳንዴ ግን ባይኖር ይሻላል።

ዘንድሮ ውርጩ ጠንክሯል። ማለዳ የባልዲ ውኃ ቆዳ አውጥቶ ይገኛል። የተራራው ሰው ገብሱን ሰብስቧል። የጎንደር መንገድ ደኅና ነው። ልደትን ለማክበር ሽር ጉድ እያልን ነው። በግ ተወዷል።

ስለ ድሪቶው ሥራው በመካሄድ ላይ ነው። እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ፤ ታየች ቀጥ ያለ ጠርዝ ትጠላለች? እናቴ ስታወራ እንደሰማሁት ታየች ልጅ ሳለች አጥሩም፣ ፈሩም፣ ሁሉ ነገር ቀጥ ሲልላት ደስ ይላት ነበር። ሰውም ቢሆን ቀጥ ሲል ነው የሚከበረው። ለጥያቄ ያህል ነው፤ ምንም አታስቢ።

ሌላው፣ ኢንባል ክቡን ያዞረችበት ሳህን አሁንም አለ? ካለ ብትልኪልኝ። ስፋቱን ለማወቅ ያህል ነው። የማውቀው መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ይበልጥ ለማወቅ።

ለእኔ ምንም እንዳትልኪ። ምንም አልፈልግም።

ወንድምሽ አለነ


ናታንያ፣ ጥር 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

አያ አለነ፤

ሰላምታው ይቆየን።

ከተጻጻፍን ጀምሮ እርስዎ ‹‹ምንም አልፈልግም›› ብለው አያውቁም። አሁን ካሉ አንድ ነገር ሆኗል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገሬ ሰው፤ እኔ ጠርጥሬያለሁ። ሳህኑን ምን ሊያደርጉት ነው? ድሪቶው እጅዎ ላይ ካለ ክቡን ለክተው ማወቅ አይችሉም? የእናቴ ጠርዝ የት ደርሷል?

እናቴ ሁለተኛውንም ቀጠሮ አሳለፈች። ለምን ዘገየ ስትለኝ፣ አያ አለነን ወገቡን አሞት ነው ብዬ ዋሸኋት። ይኸው በየቀኑ ስለ ወገብዎ ትጸልያለች። በእግዚአብሔርም በእናቴም ፊት ውሸታም አደረጉኝ።

ሳህኑን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። እውነቱን ይጻፉልኝ።

ባንቻየሁ


ደባርቅ፣ የካቲት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለተቀየመችኝ እህቴ፤

እግዚአብሔር ልብሽን እንደተነደፈ ጥጥ ያለስልሰው ብዬ ልጀምር። የቀረውን ቡራኬ እስከ መጨረሻው ካነበብሽልኝ እጽፈዋለሁ።

እውነቱ ይኸውልሽ። ክቡ የለም። ተቆርጧል።

ዳባት ሳለሁ ገበያነሽ ድሪቶው እርጥበት እንዳይዘው ብላ ከሣጥን ታወጣና ጓሮ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ጎረቤታችን ዘቢደር ጨው ልትበደር ትመጣለች፤ ጠርዙን ታያለች፤ ደረቷን ትመታለች። አይጥ ዙሪያውን በልቶታል አለች። ከዚያ ሁለቱም ቁጭ ብለው መከሩ። አይጡ አይሮፕላን ላይ ነው የበላው ወይስ መጋዘን ውስጥ በሚለው አልተስማሙም፤ አይጥ መሆኑን ግን አልተጠራጠሩም። ይህን ታየች ብትሰማ ልቧ ይሰበራል፣ ለአለነም ውርደት ነው አሉና፣ አንቺ በላክሽው አዲስ መቀስ አይጥ ነካው ያሉትን ሁሉ ቆርጠው ዙሪያውን ቀጥ አደረጉት። እውነቱን ለመናገር አቆራረጡ ግሩም ነው፤ እኔ እንኳ እንዲህ ቀጥ አላደርግም። ስመለስ ገበያነሽ ፊቷ በርቶ ዘርግታ አሳየችኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

‹‹አንች ሴት፣ አይጥ እንዴት አድርጎ ነው እኩል እኩል፣ ክብ ክብ እያደረገ የሚበላው?›› አልኋት።

‹‹የእስራኤል አይጥ ሥርዓት ያለው መስሎኝ›› አለችኝ።

ቁራጩስ የታል አልሁ። ዘቢደር ለበቅሎ ኮርቻ መደልደያ ወስዳዋለች። ባሏ ሃብተ ጊዮርጊስ በቅሎ ለጎብኚ ያከራያል፤ በቅሎዋም ተራራው ላይ ጎብኚ ወደሚሰፍርበት ወደ ሳንቃ በር ወጥታለች። ያንን ስለ ውርጭና ስለ በግ የሚያወራ ደብዳቤ የጻፍሁልሽ ያኔ ነው፤ ቁራጩን አግኝቼ ሳልቀጥል እንዴት አፍ አውጥቼ ልንገርሽ? ጥምቀት እንዳለፈ በጭነት መኪና ሳንቃ በር ወጣሁ፤ በቅሎዋ ወደሚቀጥለው ሰፈር ወደ ጊች ሄዳለች አሉኝ። በዚህ ጉልበቴ በእግሬ ተከተልኋት። ስደርስባት ኮርቻው ላይ አንድ ግዙፍ ፈረንጅ ተሰይሞበታል። ጌታዬ፣ የተቀመጡት የዘመዴ ቀሚስ ላይ ነው ብዬ፣ ሰውየውን በሚያስጎበኘው በእንግዳው አስነገርሁት። እንግዳው ምን ብሎ እንደተረጎመለት እንጃ፣ ሰውየው ወርዶ እጄን ጨበጠኝና ፎቶ አነሳኝ።

ኮርቻው ሲፈታ ቁራጩ የበቅሎ ላብ ጠጥቶ፣ ተበጣጥሶ፣ እጅ ላይ ይረግፋል። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንባዬ መጣ። ያሳደረችኝ የአካባቢው ሴት ሐመልማል ትባላለች፤ ምን ሆነህ ነው ብትለኝ የታየችን ዓይን ነገር ነገርኋት። ጓዳ ገብታ የዓውደ ዓመት ቀሚሷን ጫፍ ቆርጣ ሰጠችኝ። ለማላውቃት ሴት ሌላ ምን እልካለሁ፣ ይህን ስፋላት አለችኝ። ስመለስ ሳንቃ በር ላይ የፓርክ ጠባቂው ደርቤ ነገሩን ሰምቶ የአሮጌ ካፖርቱን ቁራጭ ጨመረልኝ።

እህቴ፣ ከፈቀድሽልኝ በኢንባል ሳህን ለክቼ ከእነዚህ ጨርቆች አዲስ ክብ ቆርጬ ዙሪያውን እገጥምለታለሁ። የታየች ጨርቅ ግን አይደለም፤ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። ካልፈቀድሽም ቀጥ እንዳለ ጠርዤ እልካለሁ። ፍርዱ የአንቺ ነው። ቡራኬውን ከዚህ በኋላ ልጽፍ ነበር፣ ገበያነሽ ወረቀቱን ቀማችኝ።

እኔ ገበያነሽ ነኝ። መቀሱን የያዝሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ግን ይህ ባለሙያ ስለ ክብ ጠርዝ ለአንች ገጽ ሙሉ ሲጽፍ፣ ከጎኑ ለምተኛው ለእኔ አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለም። ይህንንም እወቂልኝ። ካልሲው ልክ ሆኖኛል፣ እግዜር ይስጥሽ።


ናታንያ፣ መጋቢት 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአያ አለነና ለእትዬ ገበያነሽ፤

እግዚአብሔር ሁለታችሁንም በጤና ያቆይልኝ፤ ለመቆጣት እንኳ ሰው ያስፈልጋልና።

ደብዳቤውን ሳነብ ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ወረወርኩት። ኢንባል አንሥታ እስኪ አስረጂኝ አለችኝ። እየተናደድኩ ስተረጉምላት የእስራኤል አይጥ ጋ ስደርስ ልጅቷ መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔም ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልቆጣ? ቁጣዬን ሰረቃችሁኝ።

ፈቅጃለሁ፤ አዲስ ክብ ይቁረጡለት። ለእናቴ ግን አንነግራትም። ሐመልማል ጨርቁን ስትቆርጥ አሰብኳት፣ እንደገና አለቀስኩ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ካባ ብጣሽ እንዳይገባበት። እናቴ ደንቧን እንደምትጠብቅ ያውቃሉ።

ፋሲካችን ደርሶ ቤት እያጸዳን ነው። እናቴ ልርዳ ብላ ስትዳብስ የፈላ ውኃ እጇ ላይ ደፋች። ሐኪሙ በቅርቡ ካልተገፈፈ ኃላፊነት አልወስድም ብሏል። ከዚህ በላይ አላስረዳም።

እትዬ ገበያነሽ፣ አልተቀየምኩዎትም። መቀሱን ግን ለባልዎ ያስረክቡልኝ።

ባንቻየሁ


ደባርቅ፣ ግንቦት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእታለሜ ለባንቻየሁ፤

ባለፈው ያስቀረሁት ቡራኬ ይኸው፤ ከክፉ ቀን ይሰውርሽ፣ የታየችን ብርሃን ይመልስ፣ ኢንባልን ለወግ ለማዕረግ ያብቃት። አሜን በይ።

አለቀ። ፈቃድሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ሌላ ሥራ አልነካሁም። ክቦቹን በሳህኑ ለክቼ ቆረጥሁ፤ ሳህኑን ገበያነሽ ሰብራዋለች፣ ግን ለክቼ ከጨረስሁ በኋላ ነው። የሐመልማል ጨርቅ አለበት፣ የደርቤ ካፖርት አለበት። ዘቢደር ሻሿን ሰጥታለች፤ ወድዳ አልልሽም፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ተቆጥቷት ነው። እነሱን ገጥሜ ጨርቅ ጎደለኝና ተክዤ ብቀመጥ ገበያነሽ ሣጥኗን ከፈተች። የሰርግ ቀሚሷን አወጣች። ለልጄ አስቀምጠዋለሁ ስትል የኖረችው ነው፤ ልጅ ግን አልሰጠንም። መቀሱን ስጠኝ አለችኝ፤ በዚያ መቀስ አላምንሽም ብዬ እኔ ቆረጥሁት። እሷ ፊቷን አዙራ ቆመች።

ከካባው ክር እንኳ አልገባበትም፤ ደንባችሁን አውቃለሁ። መጠምዘዣው ነጭ ነው፣ በሰያፍ ተቆርጦ የዞረ። ከጎድጓዳው አንዱም አልታፈነም። ቀለሙንም ራሴ መርጬ ነው ያገጣጠምሁት፤ ገበያነሽ ልትናገር ነበር፣ ዝም አሰኘኋት። እንግዳው ለሚመለሱ ጎብኚዎች አደራ ሰጥቶልኛል።

ወገቤ እውነትም ተሽሎኛል፤ ታየች ጸሎቷን እንዳታቆም ንገሪያት፣ ወደ ጉልበቴም ታውርደው። ሌላ አንድ ነገር ብቻ፤ መነጽሩ ላይ ገበያነሽ ተቀምጣበታለች። ሁለቱም ላይ።

ወንድምሽ አለነ


ናታንያ፣ ሰኔ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአያ አለነ፣ ለእህቴ ለእትዬ ገበያነሽ፤

የሰማይ አምላክ እጃችሁን ይባርክ፣ ሣጥናችሁን ይሙላ። የሆነውን በሙሉ እጽፍላችኋለሁ፤ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ድሪቶውን እናቴ ጭን ላይ ዘረጋሁላት። ጠርዙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ ይዛ ክቡን እየተከተለች ቀስ ብላ ማዞር ጀመረች። አልተኮማተረም አለች። ጎድጓዳዋንም ነክቷታል፣ የአባቱ ልጅ ነው አለች። ደስ አለኝ። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

‹‹ይህ የእኔ አይደለም›› አለች።

የአንቺ ነው፣ ቆይቶ ሻክሮብሽ ነው አልኳት። ዓይኔ ነው እንጂ ጣቴ አልታወረም አለችኝ። ቀጠለች። ይህ የወንድ ነው፣ ደጅ የሚያድር ሰው ካፖርት ነው አለች። ቀጥላ፣ ይህ ሻሽ ነው፣ ባለቤቷ በደንብ አታጥብም አለች። የእትዬ ገበያነሽ ቀሚስ ላይ ስትደርስ ደጋግማ ዳበሰችውና፣ ይህ ብዙ ያልተለበሰ ነው፣ ማን ነው እንዲህ ያለውን ጨርቅ የሚቆርጥ አለች። እኔ ገና ሌላ ውሸት እየፈለግኩ ነበር። ኢንባል በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ አይጡንም፣ በቅሎዋንም፣ ሐመልማልንም፣ የሰርግ ቀሚሱንም ዘክዝካ ነገረቻት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ክቦቹን ካንዱ ጫፍ ጀምራ እንደገና ዳበሰቻቸው። ከዚያ፣ የሐመልማል ቀሚስ ቀለሙ ምንድን ነው አለችኝ። አረንጓዴ አልኳት። ኢንባል ሰማያዊ ነው አለች። የገበያነሽስ አለች። እኔ ቀይ ስል ኢንባል ብርቱካን ናት አለች። ተጨቃጨቅን። እናቴ ድሪቶውን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ የሁለታችሁንም አላምንም፣ ሐኪሙ ነገ ይቀበላል ወይ አለችኝ። ስንት ወር ለምኛት እምቢ ያለችው ሴት ያን ቀን ማታውኑ ጫማዋን አድርጋ ተኛች።

አንደኛው ዓይኗ ተገፈፈ። ፋሻው የተነሣ ለት ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ረጅም ጊዜ አየችኝና፣ ልጄ፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽ አለችኝ። ጉንጬን ዳበሰችው፤ አለቀስን። ከዚያ ድሪቶውን አምጪው አለች። መስኮት ዳር ዘርግታ፣ እያንዳንዷን ክብ እየያዘች የሰዎቹን ስም እየጠየቀችኝ አየች። የእትዬ ገበያነሽን ጨርቅ ሳመችው። ዛሬ ማታ ከዚህ ሥር ነው የምተኛው፣ ከአገሬ ሰው ጋር አለች።

ለእርስዎም መልእክት አለችዎ፤ እንዳለችው ጻፊለት ብላ ራሴ ላይ ቆማለች፤ ‹‹አለነ፣ በእጄ ዳበስሁት፤ እጅህ ይባረክ። ቀለሙን በዓይኔም አየሁት፤ እባክህ አንተም ዓይንህን ታከም።››

ባንቻየሁ